ገለፈት ለማስጣል የምንከፍለው ብር

ዛሬ ከዋጋ ወሬ ወጣ ብለን የግቢያችንን ሂሳብ እንስራ። በፈረሱላ ዋጋ ሳንቲም ሳይቀር ስንከራከር እንውላለን፣ ከመቀሸሪያው ጀርባ ያለውን ክምር ግን ማንም አይመዝነውም።

ደረቅ ጀንፈል ሲቀሸር ከክብደቱ ግማሽ የሚሆነው ገለፈት ነው። 1,000 ኩንታል ያስገባ ሰው 500 ኩንታል አካባቢ «ቆሻሻ» ይዞ ይቀራል። ገለፈት ቀላል ስለሆነ አይሱዙው የሚሞላው በክብደት ሳይሆን በቦታ ነው፤ ባለመኪናው ደግሞ የሚያስከፍለው በምልልስ ነው። አየር ጭናችሁ ትከፍላላችሁ ማለት ነው። ባሮጌ ጆንያ ጠቅጥቆ መጫን ብቻውን ምልልሱን ይቀንሳል።

ገዢስ አለው ወይ? አለው። የከሰል ብርኬት የሚሰሩ፣ እንጉዳይ የሚያለሙ፣ ኮምፖስት የሚያዘጋጁ ይፈልጉታል። ሲሚንቶ ፋብሪካም በድንጋይ ከሰል ፈንታ ቀላቅሎ ሊያነደው ይችላል። ግን ገዢ መጀመሪያ እጁን ክምሩ ውስጥ ከቶ ነው የሚያየው። እርጥበት ካለው፣ አፈርና የላስቲክ ገመድ ከተቀላቀለበት ጥሎት ይሄዳል። ስለዚህ የመጋዘን ጥራጊ ከገለፈት ጋር አንድ ላይ አይደፋ፤ ክምሩም ጣሪያ ስር ይሁን። እርጥብ ክምር ከውስጥ ይግላል፣ ይሻግታል፣ ሲደርቅ ደግሞ እሳት በቀላሉ ይይዘዋል፤ ከቡናው መጋዘን ራቅ ይበል።

አሁን ዋናው ነገር። አንድ የማውቀው ባለመቀሸሪያ «በነጻ ውሰዱ አልልም» ብሎ ገዢ መልሶ፣ በኋላ ዝናብ ሲመጣ ከፍሎ አስጣለው። ለምሳሌ ያህል ምልልስ 3,000 ብር ነው እንበል። በራሱ መኪና 10 ምልልስ በነጻ የሚያነሳላችሁ ሰው 30,000 ብር ከወጪያችሁ ቀነሰ። የመለየትና የጆንያ ጉልበት 8,000 ቢፈጅ እንኳ 22,000 እጃችሁ ላይ ቀረ። የሽያጭ ዋጋው ከዚህ በላይ የሚመጣ ምርቃት ነው።

ዩኒየኖች፣ የእሸት ልጣጭ የናንተ ጉዳይ ነው። ወንዝ ውስጥ ከገባ የውሃውን ኦክስጅን ይጨርሳል፣ ከታች ካለው ሰውም ጋር ያጣላል። ከእበትና ከቅጠል ጋር እየተገላበጠ ከበሰለ ግን ለአባላት ማሳ ይሆናል፤ መሸጡን እኔ አልመክርም።

ከተማ ያላችሁ ደግሞ የተቀደደ ጆንያና ካርቶን ለቆራሌ ስትሰጡ በዓይን ግምት አትስጡ፣ ሚዛኑ እዚያው አለ።

በናንተ አካባቢ ገለፈት በኩንታል ስንት እየተጠየቀ ነው? በውስጥ መስመር ላኩልን፣ ከሳምንቱ ዋጋ ጋር እናወጣዋለን።