በሕሙሙ አልጋ ላይ የሚደረግ ትራኪዮስቶሚና ደኅንነቱ

በጽኑ የታመመ ሰው በአፉ በገባ ቱቦ አማካይነት በመተንፈሻ ማሽን እየተረዳ ቀናት ሲያልፉ፣ ሐኪሙ ቤተሰቡን ጠርቶ ስለ ትራኪዮስቶሚ ሊያነጋግር ይችላል። ይህም በአንገት ፊት ለፊት፣ ከማንቁርት በታች፣ የአየር ቧንቧው በትንሹ ተከፍቶ አጭር ቱቦ የሚገባበት ሕክምና ነው። ከላንቴ ታማሚውን ይዞ አርባ ምንጭ የደረሰ ቤተሰብ «አንገቱ ሊቆረጥ ነው» ብሎ ቢደነግጥ አያስገርምም። ሕክምናው በቀዶ ሕክምና ክፍል ሳይሆን እዚያው በተኛበት አልጋ ላይ እንደሚሰጥ ሲሰማ ደግሞ ቸልታ ሊመስለው ይችላል።

ነገሩ ግን ቸልታ አይደለም። በማሽን የሚተነፍስን ሰው ከአልጋው አንስቶ በኮሪደር ማጓጓዝ ራሱ አደጋ አለው፤ ቱቦው ሊወጣ፣ ኦክስጅኑ ሊቋረጥ፣ የደም ግፊቱ ሊወርድ ይችላል። በወረርሽኝ ወቅት ደግሞ በመንገዱ ላይ ያሉ ሰዎችም ለበሽታው ይጋለጣሉ። እ.ኤ.አ. በ1985 ሐኪሙ ፓስኳሌ ሲያልያና ባልደረቦቹ በመርፌና በማስፊያ የሚሠራውን ዘዴ ካስተዋወቁ ወዲህ፣ ልምድ ያለው ቡድን እስካለ ድረስ በአልጋ ላይ የሚደረገው ሕክምና በቀዶ ሕክምና ክፍል ከሚደረገው ያላነሰ ደኅንነት እንዳለው ታይቷል። ወሳኙ ክፍሉ ሳይሆን ባለሙያውና ዝግጅቱ ነው።

ትራኪዮስቶሚና ወረርሽኝ የቆየ ትውውቅ አላቸው። እ.ኤ.አ. በ1952 በኮፐንሃገን የፖሊዮ ወረርሽኝ በተነሣ ጊዜ፣ ሐኪሙ ቢዮርን ኢብሰን አንዲት የ12 ዓመት ልጅ በአንገቷ በገባ ቱቦ በእጅ በሚጨመቅ ከረጢት እንድትተነፍስ አደረገ። የሕክምና ተማሪዎች በፈረቃ ከረጢት እየጨመቁ ብዙ ሕሙማንን አቆዩ። የዛሬው ጽኑ ሕሙማን ክፍል ከዚያ ተወለደ ማለት ይቻላል።

በኢትዮጵያ የመጀመሪያው የኮቪድ-19 ታማሚ መጋቢት 4 ቀን 2012 ዓ.ም. ከተገለጸ በኋላ ጥያቄው ሌላ መልክ ያዘ፤ ቧንቧው ሲከፈት የሚወጣው ትንፋሽ ቫይረሱን ወደ ባለሙያው ያደርሳል። ስለዚህ በክፍሉ የሚገኙት አስፈላጊዎቹ ባለሙያዎች ብቻ ናቸው፤ ኤን-95 ማስክ፣ የፊት መሸፈኛ፣ ጋዋንና ጓንት ይለብሳሉ፤ ቧንቧው በሚከፈትበት ቅጽበት የማሽኑ አየር ለአጭር ጊዜ ይቆማል። በወረርሽኙ ወቅት ብዙ መመሪያዎችም ቢያንስ 10 ቀን መጠበቅን ይመክሩ ነበር። መዘግየቱ ቤተሰብን ሊያስጨንቅ አይገባም፤ እ.ኤ.አ. በ2013 የታተመ የእንግሊዝ ጥናት በ4 ቀን ውስጥ በተሠራላቸውና 10 ቀን በቆዩት መካከል የሞት መጠን ልዩነት አላገኘም።

አደጋ የለውም ማለት ግን ስህተት ነው። ደም ሊፈስ፣ ቱቦው በአክታ ሊደፈን ወይም ሊወጣ ይችላል። በመጀመሪያው ሳምንት ቀዳዳው ገና ስላልጠና የወጣን ቱቦ መልሶ ማስገባት አስቸጋሪ ነው። ስለሆነም ቤተሰብ ፈቃዱን ከመስጠቱ በፊት ማን እንደሚሠራው፣ መተኪያ ቱቦና አክታ መሳቢያ በአልጋው አጠገብ መኖራቸውን፣ ሌሊት ማን እንደሚከታተል ቢጠይቅ ተገቢ ነው፤ ሐኪሙም ሊቀየም አይገባም።

ሕሙሙ ሲነቃ ድምፁ አይወጣም። አየሩ በድምፅ አውታሩ ሳያልፍ ስለሚወጣ እንጂ መናገር ስለተሳነው አይደለም። ጆሮው ይሰማል፤ በራስ ንቅናቄ ወይም በጽሑፍ መልስ ሊሰጥ ይችላል። ቱቦው ሲወጣ ቀዳዳው ብዙውን ጊዜ በቀናት ወይም በሳምንታት ውስጥ ራሱ ይዘጋል፤ ድምፁም በአብዛኛው ይመለሳል።

ከነቱቦው ወደ ላንቴ የሚመለስ ሰው ከምድጃ ጭስና ከአቧራ ይራቅ። በአባያ ሐይቅም ሆነ በሙዝ ማሳ የመስኖ ቦይ አይዋኝ፤ ውኃ በቀዳዳው በኩል በቀጥታ ወደ ሳንባ ይገባልና። የውስጠኛው ቱቦ የሚጸዳው ሆስፒታሉ ባሳየው መንገድ ነው። ቱቦው ሙሉ በሙሉ ከወጣ፣ ትንፋሹ ካጠረ ወይም ደም ከታየ ቤተሰቡ በግድ መልሶ ለማስገባት ሳይሞክር ወዲያው ወደ ሆስፒታል ይውሰደው፤ የመኪና ባለቤት ስልክ ቀድሞ ተይዞ መቆየት ያለበትም ለዚህ ነው።