አሮጌ ፒካፕ ጎታች መኪና ሲሆን

በክረምት መረሬ ጭቃ ውስጥ የሰመጠ በሬ ሲወጣ ያላየ ገበሬ የለም። ቀንዱን ይዞ መጎተት ብቻውን አይበቃም። ሁለት ሰዎች ከሆዱ ሥር አጣና አስገብተው ወደ ላይ ያነሡታል። ሌሎቹ ጠፍሩን ይዘው ወደ ፊት ይስቡታል። መጀመሪያ ማንሣት፣ ቀጥሎ መጎተት ነው። ተበላሽቶ መንገድ ላይ የቀረ መኪናም የሚነሣው በዚሁ ዘዴ ነው። ይህን ሥራ የሚሠራው መኪና ጎታች መኪና ይባላል።

ከደብረ ማርቆስ ወደ አዲስ አበባ የሄደ ሁሉ የዓባይን በረሃ ያውቃል። ከደጀን እስከ ጎሃ ጽዮን 40 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በዚህች መንገድ ላይ መኪናው ከ1,300 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል፤ ድልድዩን ተሻግሮ ደግሞ ያንኑ ያህል ይወጣል። ሲወርድ ፍሬኑ ይግላል፤ ሲወጣ ሞተሩ ይፈላል። ጤፍ የጫነ መኪና እዚያ ቢቆም ጤፉ አንድ ቀን ቢያድር ምንም አይል። ምጥ የያዛት ሴት የጫነ መኪና ቢቆምስ? እሷን የሚያወርድ ሌላ መኪና ቢገኝ እንኳ የቆመው መኪና መንገዱን ዘግቶ ከሆነ ማለፊያ የለም።

ከባድ ነገር ዳገት ማውጣት ለአገራችን ሰው አዲስ አይደለም። በ1860 ዓ.ም. የአፄ ቴዎድሮስ ሰዎች ሴባስቶፖል የተባለውን መድፍ ከደብረ ታቦር እስከ መቅደላ አድርሰውታል። መድፉ 70 ኩንታል ያህል ይመዝናል። ጉዞው ስድስት ወር ያህል ፈጀ። ያን ያህል ክንድና ያን ያህል ቀን ዛሬ ከየት ይመጣል?

ጎታች መኪና የተፈጠረው ከአሮጌ መኪና ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1916 ዓ.ም. በአሜሪካ አገር፣ ቻታኑጋ በምትባል ከተማ፣ ኧርነስት ሆምስ የሚባል የጋራዥ ሰው ነበር። ወንዝ ውስጥ የገባች የወዳጁን መኪና ለማውጣት ከስድስት ሰዎች ጋር በገመድ ሲታገል ብዙ ሰዓት ፈጀበት። ከዚያ በኋላ በ1913 የተሠራች አሮጌ ካዲላክ ወሰደ። በላይዋ ሦስት ምሰሶ፣ አንድ መዘውርና ሰንሰለት ገጠመ። በቃ፣ ነገሩ ይኸው ነው። ዛሬም ብልሃቱ ያው ነው።

እንግዲህ አንድ አሮጌ ፒካፕ ጋራዥ ገባ እንበል። መጀመሪያ ካሶኒው ይነሣል። ሥሩ ሻንሲ የሚባሉት ሁለት ረጃጅም ብረቶች ይታያሉ። ለመኪናው ሻንሲ ማለት ለበሬ አከርካሪ ማለት ነው። ዝገት ከበላው ወይም ከተሰነጠቀ ሥራው እዚያው ይቁም፤ ቀለም ቀብቶ መሸፈን ሰው መግደል ነው። ደህና ከሆነ ሌላ ብረት ተደርቦለት በብሎን ይታሰራል። ብየዳ እንደ ልብ አይደረግም። የብየዳ እሳት ያለ ቦታው ካረፈ ብረቱን ያደክመዋል፤ በኋላም የሚሰነጠቀው እዚያው አጠገብ ነው። ከመበየድ በፊት የባትሪው ገመድ ይፈታል፣ የነዳጁ ታንከርም ወርዶ ይርቃል።

በሻንሲው ላይ ወደ ኋላ የወጣ የብረት ክንድ ይተከላል። ከክንዱ ሥር ካቦ የሚጠመጠምበት ዊንች ይቀመጣል። ካቦው በክንዱ ጫፍ ባለው መዘውር ላይ አልፎ ይወርዳል፤ ጫፉ ላይ መንጠቆ አለው። መንጠቆው ላይ ሌላ መዘውር ቢጨመርና ካቦው ዞሮ ቢመለስ 4 ኩንታል የነበረው ሸክም ለዊንቹ 2 ኩንታል ያህል ይሆናል። በነፃ ግን አይደለም። ሸክሙን አንድ ሜትር ለማንሣት ሁለት ሜትር ካቦ መጠምጠም ያስፈልጋል።

ሰው ሁሉ የሚጠይቀው ስለ ሞተሩ ጉልበት ነው። እኔ ግን የምለው፣ ከሞተሩ በፊት ሚዛኑን እዩ ነው። ጭነቷ ወደ ኋላ የተንሸራተተባት አህያ ዳገት ላይ ምን ትሆናለች? የፊት እግሯ ይቀልና ወደ ኋላ ትወድቃለች። ፒካፑም እንዲሁ ነው። በሒሳብ እንየው። ከፊት ጎማ እስከ ኋላ ጎማ 3 ሜትር ነው እንበል። የክንዱ ጫፍ ከኋላ ጎማው 1 ሜትር ተኩል ይርቃል። ጫፉ ላይ 4 ኩንታል ቢንጠለጠል፣ 4 በ1.5 ሲባዛ 6 ይሆናል። 6 ለ3 ሲካፈል 2 ነው። ስለዚህ ከፊት ጎማዎቹ ላይ 2 ኩንታል ይነሣል፤ በኋላ ጎማዎቹ ላይ ግን 4 ሳይሆን 6 ኩንታል ያርፋል። ሸክሙ 8 ኩንታል ቢሆን ከፊት የሚነሣው 4 ነው። ከፊት ያለው ክብደት 8 ኩንታል ብቻ ከነበረ ግማሹ ሄደ ማለት ነው። ከዚህ በላይ ከቀለለ መሪው ቢዞርም መኪናው አይታዘዝም። ለዚህ ነው ክንዱ አጭር የሚደረገው፤ ከፊት መከላከያው ላይም ከባድ ብረት የሚታሰረው።

አንዳንዱ ባሌስትራ ላይ ቅጠል ጨምሮ «አጠነከርኩት» ይላል። የመኪናው ጀርባ ከፍ አለ እንጂ አክስሉና ፍሬኑ እንደ ድሮው ናቸው። ደግሞ የቀድሞው ፍሬን የተሠራው ለአንድ መኪና ነው፤ አሁን ሁለት መኪና ሊያቆም ነው። በዓባይ ቁልቁለት ላይ ፍሬን የሌለውን መኪና በገመድ ማስከተል የለየለት እብደት ነው፤ ገመድ ይስባል እንጂ አይገታም፤ የኋላው መጥቶ የፊቱን ይደፋዋል። የፊቱ ተነሥቶ በደንብ ይታሰር፤ ካልሆነም በጠንካራ የብረት ዘንግ ይያዝ። ጎታቹም በከባድ ማርሽ ቀስ እያለ ይውረድ። ሸክሙ ለፒካፕ ከበዛ «አልችልም» ብሎ ትልቅ ጎታች መጥራት ነው። የተሞላ የጭነት መኪና የፒካፕ ሥራ አይደለም።

አሁን ደግሞ ለእናንተ። መኪና ሲቆም የመንገድ ዳሩ ሰው ለመርዳት ይሮጣል፤ ይህ ደግ ባህላችን ነው። ይሁንና የተወጠረ ካቦ እንደ ተገተረ ወንጭፍ ነው። ቢበጠስ እግር ይቆርጣል። ማንም አይሻገረው። ከካቦው ርዝመት ይበልጥ ርቃችሁ ቁሙ፣ ልጆችንም አርቁ። ካቦው ከመወጠሩ በፊት እርጥብ ጆንያ መሐሉ ላይ ጣል ማድረግ ጥሩ ነው፤ ቢበጠስ ውርወራውን ያበርደዋል። ገመድ እጅ ላይ መጠምጠም የለም። ቁልቁል ከቆመ መኪና በታችም አትቁሙ፤ ታኮ ለማድረግ ከጎን ቀርቦ ቶሎ መራቅ ነው። መኪናው ከሄደ በኋላ ደግሞ ታኮ የነበረው ድንጋይ ከአስፋልቱ ይነሣ። ሾፌሮች ጥለውት ይሄዳሉ፤ ማታ የሚመጣው ሾፌር ግን አያየውም።

መልመጃ

100 ሜትር ሲሄዱ 10 ሜትር ከፍ በሚል ዳገት ላይ 30 ኩንታል የሚመዝን መኪና ለመሳብ 3 ኩንታል ያህል ኃይል ያስፈልጋል። ጎማው ለመንከባለል የሚፈልገው ትንሽ ይጨመርበታል። ዳገቱ በ100 ሜትር 8 ሜትር ከፍ የሚል፣ መኪናው ደግሞ 50 ኩንታል ቢሆንስ? በደብተራችሁ ሠርታችሁ ከጎረቤታችሁ ጋር አስተያዩ።