የቆላ ሙቀትና የሥራ ጓዶቻችን ጤና



በሁለተኛ ነገሥት ምዕራፍ 4 ሱነማዊቱ ሴት ልጇን ያጣችው በመከር ወራት ነው። ልጁ አጫጆች ወዳሉበት እርሻ ሄዶ ሳለ ራሱን አመመው፤ ቀትር ላይም በእናቱ ጭን ሞተ። መጽሐፉ የሕመሙን ስም አይነግረንም፤ ሆኖም ብዙዎች የፀሐይ ነገር ነው ይላሉ።

እኛም ከደጋ ወደ ቆላ ሠራተኛ እንልካለን። ሙቀቱ በጋምቤላ የካቲትና መጋቢት፥ በመተማና በሑመራ ሚያዝያ፥ በአፋር ሰኔ ላይ ይከፋል። የሰው አካል ሙቀትን ለመልመድ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት ይፈልጋል፤ ስለዚህ ከሁሉ የሚያሰጉት የመጀመሪያዎቹ ቀናት ናቸው። አዲስ የወረደ ሰው በመጀመሪያው ቀን ከሙሉው የጉልበት ሥራ አንድ አምስተኛውን ብቻ ይሥራ፤ በየቀኑም ያንኑ ያህል ይጨመርለት። ጾም ጸሎት የያዘ ወንድምም በዚያው ቀን እህል ከመኪና አያውርድ። የአገሩ ሰው ቀትር ላይ ጥላ ሥር ሲቀመጥ እንደ ስንፍና የሚቆጥሩ አሉ፤ ከእርሱ መማር ይሻላል።

ሕመሙ ሲጀምር ራስ ምታት፥ ማዞር፥ ማቅለሽለሽ፥ የጡንቻ መኮማተርና ብዙ ላብ ይታያል። ሰውየውን ወደ ጥላ አግቡት፤ ልብሱን አላሉት፤ ውኃ በየጥቂቱ ስጡት። በአንድ ሊትር ንጹሕ ውኃ ስድስት ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው በጥብጦ መስጠትም ይቻላል።

አእምሮው ከተነካ ግን ነገሩ ሌላ ነው። መቀባዠር፥ መንገዳገድ፥ መንቀጥቀጥ ወይም ራስን መሳት የሙቀት ምት ምልክት ነው፤ የሰውነቱ ሙቀት 40 ዲግሪ ደርሷል ወይም አልፏል ማለት ነው። ላቡ ስላልቆመ ደኅና ነው አትበሉ፤ በሥራ ላይ የወደቀ ሰው እያላበውም ሊሞት ይችላል።

እዚህ ላይ የለመድነው ነገር ይጎዳናል። አንዱ ምች ነው ብሎ ዳማከሴ ያሻል፥ እንዲያልበውም ጋቢ ይደርብበታል፤ ጋቢው ሙቀቱን ያፍነዋል። ሌላው ወባ ነው ብሎ እንደ ተሸፋፈነ መኪና ላይ ይጭነዋል፤ መንገዱም ሁለትና ሦስት ሰዓት ይፈጃል። የቀትር ጋኔን ነው ብሎ ለመገሠጽ የሚቆምም አለ። መጸለይስ ይገባል፤ ውኃ እያፈሰሱ መጸለይ ይቻላልና።

አስቀድማችሁ አቀዝቅዙት፥ ከዚያ ውሰዱት። ልብሱን አውልቁ፤ በመላ አካሉ ላይ ውኃ አፍስሱ፤ በካርቶን ወይም በነጠላ ሳታቋርጡ አራግቡ። በርሜል ወይም ገንዳ ካለ ራሱን ደግፋችሁ እስከ አንገቱ ንከሩት። ራሱን ለሳተ ሰው የሚጠጣ አትስጡ፥ ያንቀዋልና። በመኪናም ውስጥ ማርጠቡና ማራገቡ ይቀጥል። ጤና ጣቢያ ሲደርስ የወባ ምርመራ ይደረግለት፤ ሁለቱ ሕመሞች አብረው ሊገኙ ይችላሉ።

በቆላ ውኃ በጀሪካን ተቆጥሮ እንደሚታደል እናውቃለን፤ ሰው ሲወድቅ ማፍሰሱን የሚሳሳውም ለዚህ ነው። ስለዚህ በየእደላው ቦታ ሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ለዚህ ብቻ ተለይቶ በጥላ ይቀመጥ፤ ኃላፊውም ይታወቅ። እደላው ጠዋት 12 ሰዓት ጀምሮ ከ4 ሰዓት በፊት ቢያልቅ መልካም ነው፤ አረጋውያን፥ ነፍሰ ጡሮችና ሕፃናት ያዘሉ እናቶች ተራ ሳይጠብቁ ቀድመው ይስተናገዱ።