ጋቢውን አስቀምጪው

ትከሻሽ ላይ ተደግፌ ስልክሽን ሳይ ተቆጣሽኝ። ያየሁትን ግን አይቻለሁ። ፈረንጆቹ እግራቸው ላይ ረጃጅም ሳንቃ አስረው በነጭ ተራራ ሽቅብ ይወጣሉ፣ ከዚያ ቁልቁል ይንሸራተታሉ። አንቺ ደግሞ ለጓደኞችሽ «የኛ አቡነ ዮሴፍስ ምን አነሰው? ለበልግ እንውጣ» ብለሽ ጽፈሻል። ምንም አላነሰውም። ከ4,200 ሜትር በላይ የሆነ ተራራ፣ ያውም እዚሁ ሰሜን ወሎ ውስጥ፣ ሌላ ሰው ቢያገኘው ሲያወራለት ይውል ነበር። ሂጂ። ቦርሳሽን ከመዝጋትሽ በፊት ግን አንዴ ስሚኝ።

መጀመሪያ ስለዚያ ስኪ። ኢትዮጵያዊ አይነካካውም እንዳትዪ፤ ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 በቱሪን የክረምት ኦሎምፒክ በ15 ኪሎ ሜትር የበረዶ ላይ ሩጫ ተወዳድሮ 83ኛ ወጥቷል፣ በ2010 ደግሞ ቫንኩቨር ላይ ተሰልፏል። አዲስ አበባ ተወልዶ አሜሪካ ያደገ ልጅ ነው። በኛ ተራራ ላይ ግን የምትንሸራተቺበት በረዶ አይጠብቅሽም። አማርኛችን ከሰማይ እንደ ጠጠር የሚወርደውንም፣ እንደ ጥጥ የሚረግፈውንም «በረዶ» ብሎ ይገላገላል፤ ለሁለተኛው «አመዳይ» የሚል ቃል አለን፣ ግን በቀን ስንቴ ትጠሪዋለሽ? አንቺን የሚያገኝሽ ጠጠሩ ነው።

ከእነዚያ ፈረንጆች ልትማሪው የሚገባው ሳንቃውን ሳይሆን ሰዓታቸውን ነው። በእነሱ አገር ጸደይ በረዶው ሌሊት ይጠነክራል፣ ፀሐይ ስትበረታ ይላላል፣ ከላላ ደግሞ ተራራውን ለቅቆ ሰው ይዞ ይወርዳል። ስለዚህ በውድቅት በባትሪ ይነሱና ቀትር ሳይደርስ ወደ ታች ይመለሳሉ። ጫፉ ላይ ደረሱም አልደረሱም፣ ሰዓቱ ከደረሰ ደረሰ።

የኛም በልግ ሰዓት አለው፣ ምክንያቱ ሌላ ቢሆንም። ጧት ሰማዩ እንደ ተወለወለ ብርጭቆ ነው። ረፈድ ሲል ከቆላው፣ ከራያና ከአፋር በኩል የሚነሳው ሞቃት አየር ገደሉን ታክኮ ይወጣል፣ ሲወጣ ይቀዘቅዛል፣ ሲቀዘቅዝ ጉም ይሆናል። ብዙውን ጊዜ ከቀትር በኋላ መብረቁና በረዶው ይከተላሉ። እንግዲህ ከማደሪያችሁ በ11 ሰዓት ሌሊት ተነሱ፣ 6 ሰዓት ሲሆን የትም ሁኑ የት ፊታችሁን አዙሩ። ይህን ሰዓት ዛሬ ማታ፣ ሁላችሁም አንድ ላይ ሳላችሁ፣ ተስማሙበት። ተራራው ላይ ከሆናችሁ በኋላ መከራከር ዋጋ የለውም፤ እዚያ ሁልጊዜ የሚያሸንፈው ጉልበተኛው ነው።

ከየት አመጣሽው ካልሽ፣ በአንቺ ዕድሜ ወጥቼ ነው። ሰባት ሰዓት ላይ ሸንተረሩ ጋ ደረስን፣ ጫፉ እዚያች ጋ ይታያል። አንዱ «ሃያ ደቂቃ ብቻ!» አለ። እንዲህ የሚል አንድ ሰው ከየቡድኑ አይጠፋም፣ አደራ አትከተዪው። ጉሙ ከየት እንደመጣ አላየሁም፤ ከፊቴ ከምትሄደው ልጅ ቀይ ሹራቧ ብቻ ቀረ። ቀጥሎ የሽምብራ ፍሬ የሚያህል በረዶ ጀመረ። እኔ እማዬ የፈተለችውን ጋቢ ደርቤ ነበር። ጋቢዬ ውሃውን ጠጥቶ ጠጥቶ ሌላ ሰው ያዘልኩ እስኪመስለኝ ከበደኝ። ጣቶቼ ስለ ደነዘዙ የቦርሳዬን ዚፕ መክፈት አቅቶኝ ጓደኛዬ በጥርሷ ጎትታ ከፈተችልኝ።

በዚህ መሃል ከድንጋይ ሥር አንድ እረኛ አየን። አሥር ዓመት ቢሆነው ነው። ቁጢጥ ብሎ ጀርባውን ለበረዶው ሰጥቶ፣ የበግ ጠጉር ባናውን ከራሱ እስከ ተረከዙ እንደ ጎጆ ለብሶ ተቀምጧል። በረዶው ባናው ላይ እየነጠረ ይረግፋል። እኛን አየት አደረገና «ጧት አትመጡም ነበር?» አለ። ሌላ አልተናገረም፤ ሲያባራ እየመራ ወደ ቤታቸው አወረደን።

ከዚያ ወዲህ ለደጋ ጥጥ አልይዝም። ጥጥ አንዴ ከራሰ ሙቀትሽን ይወስዳል እንጂ አይሰጥሽም፤ ጂንሱም እንደዚያው ነው፣ አውጪው። የበግ ጠጉር ግን ቢረጥብም ያሞቃል፤ እረኛው ይህን ከማንም ሳይማር ያውቀዋል። ሒሳቡን ራስሽ ሥሪው፦ መርሳ ከባሕር ወለል 1,600 ሜትር ገደማ ናት፣ በየ1,000 ሜትሩ ወደ ስድስት ዲግሪ ተኩል ይቀንሳል። እኛ ቤት በነጠላሽ ደጅ በምትቀመጪበት ሰዓት እዚያ ላይ በ16 ወይም 17 ዲግሪ የቀነሰ አየር ይጠብቅሻል። ነፋሱን አልጨመርኩም። አረቄ ያሞቃል የሚልሽን ደግሞ አትስሚ፤ ደምሽን ወደ ቆዳሽ ያወጣና የውስጥሽን ሙቀት ለነፋሱ ይሰጠዋል።

ሌላው ከፍታው ነው። የቆላ ልጅ ነሽ፣ አትርሺ። ከመርሳ ተነስታችሁ በወልድያ፣ በድልብና በጋሸና አድርጋችሁ ላሊበላ ስትገቡ 2,500 ሜትር ላይ ናችሁ፤ እዚያ ቢያንስ አንድ ሌሊት እደሩ። በማግሥቱ አሸተን ማርያም ድረስ ወጥታችሁ ውረዱ፣ እግራችሁም ሳንባችሁም ይፈታል። ከ3,000 ሜትር በላይ የምትተኙበትን ቦታ በቀን ከ500 ሜትር ብዙ አታስበልጡ፤ የሚቆጠረው የማደሪያችሁ ከፍታ ነው እንጂ ቀን የረገጣችሁት አይደለም። ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲጀምር አትደብቂ፣ እዚያው ዕረፉ እንጂ አትውጡ። አንዷ እንደ ሰከረ ሰው ከተንገዳገደች ወይም ተቀምጣ ሳለች ትንፋሽ ካጠራት ግን ጧት እስኪሆን አትጠብቁ፤ ደግፋችሁ በሌሊትም ቢሆን አውርዷት። ለጥርጣሬ ቀላል መፈተኛ አለ፦ ተረከዟን ከጣቷ እያስነካች በቀጥታ መስመር ትራመድ። ካልቻለች ክርክር የለም።

ስንቅ በሶና ቆሎ ይበቃል፤ እማዬ የምትጭንብሽን ግማሹን እኔ አስቀርልሻለሁ።

መብረቁ ሲጀምር ከሸንተረሩ ውረዱ፣ ብቻውን የቆመ ዛፍ ሥር አትጠለሉ፣ ተራርቃችሁ ቁጢጥ በሉ። ከብልጭታው እስከ ድምፁ ያለውን ሰከንድ ቁጠሪ፤ ከሠላሳ በታች ከሆነ ቅርብ ነው። ስትመለሱም ቆላ ገባን ብላችሁ አትዘናጉ። ደጋው ላይ የዘነበው ደራሽ ሆኖ የሚመጣው ወደኛው ነው። የመርሳን ወንዝ ደረቅ አሸዋ ሆኖ ስታዪው፣ ሰማዩም ከራስሽ በላይ ጥርት ሲል፣ ደራሹ መንገድ ላይ ሊሆን ይችላል። ውሃው ከደፈረሰ፣ ቅጠልና ጭራሮ መያዝ ከጀመረ፣ አትሻገሪ። አብሽሪ፣ ብትጠብቂ ይጎድላል።

ጅብራውን፣ ጓሳውንና ጭላዳውን እንደምትወጂያቸው አውቃለሁ። ዕድል ከቀናሽ ቀይ ቀበሮም ታያለሽ፤ ከኢትዮጵያ በቀር የትም የለም፣ ያለውም ጎልማሳ ከ500 በታች ነው ይባላል። ለዚህ ነው የጓደኛሽን ውሻ ይዛችሁ እንዳትሄዱ የምለው። ከሚገድሉት በሽታዎች ዋናው ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታ ነውና። መሪና ባለ በቅሎ ደግሞ ከአካባቢው ሰው ያዙ፣ ሳትወጡ ዋጋውን ተስማሙ፣ የሚሉሽንም ስሚ። «ዛሬ አይሆንም» ካሉሽ ዛሬ አይሆንም።

የመንገዱን ሰላም ደግሞ ከሹፌሮቹ ጠይቁ። ትናንት ያለፈ ሰው የነገራችሁ ይሻላል፤ ባለፈው ሳምንት ሰላም ነበር ማለት ዛሬ ሰላም ነው ማለት አይደለም። ጥርጥር ካለ ቀኑን አዛውሩት፣ ተራራው የትም አይሄድም።

በይ፣ ያንን ጋቢ ከቦርሳው አውጪና እጠፊው። ባናው የእማዬ ሣጥን ላይ ነው፣ ከብርድ ልብሱ ሥር።