የካሜራ ሞኒተር ሲጨልም፦ ከላፕቶፕ በጽሑፍ ትእዛዝ ማስተካከል

ሸዋ ሮቢት ላይ አልጋ ቤቱ ወይም የማሾ መጋዘኑ ላይ ካሜራ ያስገጠመ ሰው ሞኒተሩ በጨለመ ቁጥር ባለሙያ ከደብረ ብርሃን ጣርማበርን ወርዶ እስኪመጣለት መጠበቅ የለበትም። አንድ ላፕቶፕና አንድ የኔትወርክ ኬብል ካለ አብዛኛው ችግር እዚያው ይፈታል።

ከኔትወርኩ ይጀምሩ። ሞኒተሩ ቢጨልምም መቅጃው (ዲቪአሩ) በኔትወርክ ከተገኘ ምስሉን በላፕቶፕ ማየት ይቻላል። ኬብሉን ከመቅጃው ወደ ላፕቶፑ ይሰኩ። በዊንዶውስ መፈለጊያ ላይ ሲ፣ ኤም፣ ዲ የሚሉትን ፊደላት ጽፈው የሚመጣውን ጥቁር መስኮት «ራን አዝ አድሚኒስትሬተር» በሚለው ይክፈቱ። ትእዛዞቹ ሁሉ በላቲን ፊደል ነው የሚጻፉት።

«አይፒኮንፊግ» ብለው ኢንተር ሲጫኑ የላፕቶፑ አድራሻ ይወጣል። መቅጃው ከፋብሪካ ሲመጣ አድራሻው አብዛኛውን ጊዜ ሂክቪዥን ከሆነ 192.168.1.64፣ ዳሁዋ ከሆነ 192.168.1.108 ነው። ሁለቱ እንዲተያዩ የላፕቶፑም አድራሻ በ192.168.1 መጀመር አለበት። ካልጀመረ፦

«ኔትሽ ኢንተርፌስ አይፒ ሴት አድሬስ ኢተርኔት ስታቲክ 192.168.1.50 255.255.255.0»

«ኢተርኔት» የኔትወርክ ካርዱ ስም ነው፤ አይፒኮንፊግ ሌላ ስም ካሳየ ያንኑ በትእምርተ ጥቅስ ውስጥ ይጻፉ። ቀጥሎ «ፒንግ» ብለው ክፍት ቦታ ይተዉና የመቅጃውን አድራሻ ያስገቡ። ዊንዶውስ 4 ጊዜ ይጣራል። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል፤ «ሪፕላይ» የሚለውን ቃል ስላየ ብቻ ተገናኘ ብሎ ያስባል። ከቃሉ ቀጥሎ ያለውን አድራሻ ያንብቡ። የመቅጃው ከሆነ ተገናኝቷል። የራስዎ 192.168.1.50 ከሆነና «አንሪቸብል» ካለ ግን ላፕቶፑ «አላገኘሁትም» እያለዎት ነው፤ ኬብሉን ወይም አድራሻውን እንደገና ይፈትሹ።

ከተገናኘ አድራሻውን ብሮውዘር ላይ ጽፈው በይለፍ ቃልዎ ይግቡ። በኔትወርክ ገጹ ላይ ዲኤችሲፒን (አድራሻ በራሱ የሚሰጠውን ቅንብር) አጥፍተው ቋሚ አድራሻ ይስጡ፤ ጌትዌዩ የራውተርዎ አድራሻ ነው። የመረጡትን አድራሻ ሌላ ዕቃ እንዳልያዘው፣ ላፕቶፑ ከራውተሩ ጋር ተገናኝቶ ሳለ፣ አስቀድመው በፒንግ ይፈትኑ። ሲጨርሱ ያንኑ የኔትሽ ትእዛዝ ይድገሙ፤ ከ«ስታቲክ» ጀምሮ ያለውን ግን በ«ዲኤችሲፒ» ይተኩ። ይህን ከዘለሉ ላፕቶፑ ሌላ ቦታ ሄዶ ኢንተርኔት አልገባ ይልዎታል።

አሁን ወደ ምስሉ። ሞኒተሩ «አውት ኦፍ ሬንጅ» ካለ አልተበላሸም፤ መቅጃው ከአቅሙ በላይ የሆነ ምስል እየላከበት ነው። ብዙ አሮጌ ሞኒተር 1920 በ1080 አይቀበልም። መቅጃውን በኤችዲኤምአይ ከዘመናዊ ቴሌቪዥን ጋር ያገናኙና የምስል መጠኑን ወደ 1024 በ768 አውርደው «አፕላይ» ይበሉ፤ ከዚያ ሞኒተሩን ይመልሱ።

ምስሉ ላይ ጥላ መሰል መስመር የሚንከባለል ከሆነ የቪዲዮ ስታንዳርዱን ይዩ። የእኛ መብራት 50 ኸርዝ ስለሆነ «ፓል» መሆን አለበት፤ «ኤንቲኤስሲ» ለ60 ኸርዝ አገር ነው። መቅጃውን በተዘጋ ቁም ሣጥን ውስጥ አያስቀምጡ፤ የሸዋ ሮቢት ሙቀት ሃርድ ዲስኩን ይጎዳል።

ሰዓቱን በጂኤምቲ +3 ይሙሉ። መቅጃው የሚያውቀው የፈረንጅ አቆጣጠርን ነው፤ 21:00 ሲል ከምሽቱ 3 ሰዓት ማለቱ ነው። ለፖሊስ ቅጂ ሲሰጡ ቀኑንና ሰዓቱን በሁለቱም አቆጣጠር በወረቀት ጽፈው ያያይዙ።