ጠቅላይ ግዛት፣ ክፍለ ሀገር፣ ክልል
(ምንባብ፣ ሰዋስውና ድርሰት)

ተማሪዎች፤ የአንድን ሰው የትውልድ ስፍራ በጽሑፍ ማስፈር ቀላል ይመስላችሁ ይሆናል። ነገር ግን የአያቶቻችሁን የቆየ ወረቀት ከሣጥን አውጥታችሁ ብትመለከቱ፣ ዛሬ በደብዳቤ ላይ የማትጽፏቸውን የአስተዳደር ስሞች ታገኛላችሁ።

በ1934 ዓ.ም. በወጣው የአስተዳደር ደንብ መሠረት አገራችን በጠቅላይ ግዛት፣ በአውራጃ፣ በወረዳና በምክትል ወረዳ ተከፍላ ትተዳደር ጀመር። በ1966 ዓ.ም. ጠቅላይ ግዛቶቹ 14 ነበሩ። ከለውጡ በኋላ ጠቅላይ ግዛት የነበረው «ክፍለ ሀገር» ተባለ፤ አውራጃና ወረዳ በስማቸው ቆዩ። በ1980 ዓ.ም. አገሪቱ በ24 አስተዳደር አካባቢዎችና በ5 ራስ ገዞች እንደገና ተደለደለች። ይህ አከፋፈል ዕድሜው አጭር ስለ ነበረ ብዙ ሰው አያስታውሰውም። በ1987 ዓ.ም. የጸደቀው ሕገ መንግሥት ዘጠኝ ክልሎችን ዘረዘረ። ከ2012 እስከ 2015 ዓ.ም. ባለው ጊዜ ሕዝበ ውሳኔ እየተካሄደ የደቡቡ ክልል በአራት ስለ ተከፈለ፣ አዲስ አበባና ድሬዳዋ ሳይቆጠሩ የክልሎቹ ቁጥር 12 ደረሰ።

አሁን ቃላቱን እንመርምር። «ጠቅላይ» ጠቀለለ ከሚለው ግሥ የወጣ የአድራጊ ስም ነው። ገደለ «ገዳይ»፣ ከፈለ «ከፋይ» እንደሚሆን ሁሉ፣ እዚህም የመጨረሻው «ል» ወደ «ይ» ተለውጧል። «ግዛት» ከገዛ መጥቷል። «ክፍለ ሀገር» ግን የግዕዝ አገባብ ነው፤ «ቤተ መንግሥት» እንደምንል፣ የፊተኛው ስም የመጨረሻ ፊደል ወደ ግዕዝ (የመጀመሪያ) ድምፅ ተለውጦ ከሁለተኛው ይናበባል። በአማርኛ ሥርዐት ቅደም ተከተሉ ተገልብጦ «የሀገር ክፍል» ይሆናል። ሲበዛ «ክፍላተ ሀገር» ይባላል፤ «ክፍለ ሀገሮች» የሚለውም በንግግር የተለመደ ስለ ሆነ ስሕተት ነው ለማለት አንደፍርም። «ክልል» ከለለ ከሚለው ግሥ የተገኘ ነው። እንግዲህ አንዱ ስም ገዥውን፣ ሁለተኛው የአገሩን ክፋይ፣ ሦስተኛው ወሰኑን ያስቀድማል። ስም አውጪዎቹ ምን ለማሳየት እንደ ፈለጉ ከቃሉ ጥቂት መገመት ይቻላል።

የሚከተለውን ዐረፍተ ነገር አስተውሉ።

አያቴ በ1950 ዓ.ም. በአማራ ክልል፣ በሰሜን ሸዋ ዞን፣ በደብረ ብርሃን ተወለዱ።

በሰዋስው ረገድ እንከን የለበትም። ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ክልልም ዞንም አልነበረም። ደብረ ብርሃን ያን ጊዜ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት የተጉለትና ቡልጋ አውራጃ ከተማ ነበረች፤ በኋላም ከተማዋ ከስፍራዋ ሳትነቃነቅ የሸዋ ክፍለ ሀገር፣ ቀጥሎም የሰሜን ሸዋ አስተዳደር አካባቢ ሆነች። ስለ ርስት ወይም ስለ ውርስ የሚቀርብ አቤቱታ እንዲህ ቢጻፍ፣ የአያትየው ወረቀትና የልጅ ልጃቸው ማመልከቻ ስለ ሁለት ልዩ ልዩ አገሮች የሚናገሩ ይመስላሉ። ጸሐፊው ሐቀኛ ሆኖ ሳለ ሐሰተኛ ሊባል ይችላል።

ስለዚህ የዘመኑን ስም አስቀድማችሁ የዛሬውን በአንጻር ዐረፍተ ነገር ግለጹት፦

አያቴ በ1950 ዓ.ም. በሸዋ ጠቅላይ ግዛት፣ በተጉለትና ቡልጋ አውራጃ፣ ዛሬ በአማራ ክልል ውስጥ በምትገኘው በደብረ ብርሃን ተወለዱ።

መልመጃ
፩. «በምትገኘው» የሚለውን ቃል ወደ ምዕላዶቹ ከፋፍሉ።
፪. በቤታችሁ ያሉ አንድ አረጋዊ የተወለዱበትን ስፍራ በዚያን ጊዜ ስሙ ማን ይባል እንደ ነበረ ጠይቃችሁ፣ ከላይ በታየው አኳኋን በአንድ ዐረፍተ ነገር ጻፉ።