የተከተበ ሕዋስና የተተከለ ኩላሊት

እኛ የቋንቋና የታሪክ ተማሪዎች ስለ ሕክምና ልንጽፍ መነሣታችን ድፍረት እንዳይባልብን፣ ክትባት የሚለው ቃል ራሱ ከእኛ ጓዳ የወጣ መሆኑን እናስታውሳለን። በግእዝ «ከተበ» ማለት ጻፈ ማለት ነው፤ ክታብም ክትባትም ከዚሁ ሥር የበቀሉ ናቸው። የሰሜን ኢትዮጵያ ሰዎች ቆዳን በስለት ጫር አድርገው የፈንጣጣ መግል በመቀባት ልጆቻቸውን ይከትቡ እንደ ነበር በ19ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ የመጡ ተጓዦች ጽፈዋል። ፈንጣጣ ከአገራችን የጠፋው በ1976 ነው። (ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮጳ አቆጣጠር ናቸው።)

ዛሬ የምንመረምረው ግን ሌላ ዓይነት ክትባት ነው፤ ይኸውም በቆዳ ላይ ሳይሆን በሕያው ሕዋስ ላይ የሚጻፈው ነው።

በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ከሚሺጋን ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ በ2015 ኩላሊት መትከል ጀመረ። ኩላሊቱን የሚሰጠው በሕይወት ያለ ዘመድ ነው። እንግዲህ አንድ የሞጣ ገበሬ ከእኅቱ ኩላሊት ተቀብሎ፣ አባይን ተሻግሮ፣ በደጀንና በብቸና አድርጎ ወደ ቤቱ ገባ እንበል። ከጥቂት ወራት በኋላ ትኩሳት ቢይዘው ምን ይሆናል?

ሰውነት የራሱን ከባዕድ የሚለይ ዘበኛ አለው፤ ይህም ነጭ የደም ሕዋስ ነው። ዘበኛው የእኅትን ኩላሊት እንኳ እንደ ጠላት ስለሚያይ፣ ታካሚው እንደ ታክሮሊመስና ፕሬድኒሶሎን ያሉ መድኃኒቶችን እየዋጠ ያደነዝዘዋል። ዘበኛው ሲያንቀላፋ ግን ሌባው ይነሣል። ሳይቶሜጋሎ የተባለው ቫይረስ አብዛኞቻችን በልጅነታችን ተቀብለነው በሰውነታችን ተኝቶ የሚኖር ነው፤ በተተከለለት ሰው ግን ነቅቶ ሳንባንና አንጀትን፣ አንዳንዴም አዲሱን ኩላሊት ይጎዳል። ኤፕስታይን ባር የተባለው ደግሞ የነጭ ደም ሕዋስን ወደ ነቀርሳ ሊለውጥ ይችላል። ጋንሲክሎቪርን የመሰለ መድኃኒት ለመጀመሪያው ይረዳል፤ ነገር ግን ነጭ ደምን ይቀንሳል፤ ቫይረሱም ሊለምደው ይችላል።

ሊቃውንት ታዲያ ሁለት መንገድ አገኙ። አንደኛው ወታደር መላክ ነው። በ1992 በሲያትል ሪዴልና ግሪንበርግ የተባሉ ተመራማሪዎች ከመቅኔ ለጋሾች ደም ሳይቶሜጋሎን የሚያውቁ ቲ ሕዋሳትን መርጠው፣ በቤተ ሙከራ አራብተው ለታካሚዎች እንደ ሰጡ አስታወቁ። በ2022 መጨረሻ የአውሮጳ ኅብረት ታቤሌክሉሴል የተባለውን፣ ከሌላ ጤነኛ ሰው ተወስዶ በኤፕስታይን ባር ላይ የሠለጠነ ሕዋስ ለሕክምና ፈቀደ። ሁለተኛው መንገድ መምህር መላክ ነው፤ እውነተኛው የሕዋስ ክትባትም ይህ ነው። ራልፍ ስታይንማን በ1973 ያስታወቀውና በ2011 የኖቤል ሽልማት ያሰጠው ዴንድሪቲክ ሕዋስ የጠላትን ምልክት ለቲ ሕዋሳት የሚያሳይ ነው። ከታካሚው ደም ተዘጋጅቶ የቫይረሱ ፕሮቲን «ከተጻፈበት» በኋላ ይመለስለታል። ነገር ግን ተማሪዎቹ በመድኃኒት ደንዝዘው ሳለ መምህር ብቻውን ብዙ አይሠራም፤ ስለዚህ ይህ መንገድ ገና በምርምር ላይ ነው።

ነገሩ እኛን የሚነካው እዚህ ላይ ነው። ቲ ሕዋስ ጠላቱን የሚያየው በሕብረ ሕዋስ ምልክት በኩል ብቻ ነው፤ ይህም ምልክት ከሕዝብ ሕዝብ ይለያያል። በአውሮጳውያን ደም የተሞላ የሕዋስ ጎተራ ለብቸና ሰው የሚስማማ ላይገኝበት ይችላል። ጥበቡ አንድ ቀን ወደ እኛ ቢመጣ እንኳ፣ የራሳችን ለጋሾች፣ የራሳችን መዝገብና ሕዋሱን በብርቱ ብርድ የሚጠብቅ የራሳችን ማከማቻ ከሌሉን ጥቅሙ በአየር ማረፊያ ይቀራል። ይህንን የሚሠሩት ደግሞ ዛሬ አጠገባችን የሚማሩት ናቸው።

እስከዚያው የሚሠራ ሥራ አለ። እንደ ጉበት ቢ ያሉ ክትባቶች ኩላሊቱ ሳይተከል አስቀድመው ይሰጡ፤ ከተተከለ በኋላ እንደ ኩፍኝ ያለው ሕያው ክትባት ይከለከላልና። ታካሚው ሐኪሙን ሳያማክር መድኃኒቱን አያቋርጥ፤ ትኩሳት ሲይዘውም «ወባ ነው» ብሎ ቤት አይቀመጥ። ለክረምት ወደ አገራችን የምንገባ ሁሉ ይህንን በቋንቋችን ብናስረዳ፣ የእኅት ስጦታ በከንቱ እንዳይቀር እንረዳለን።